የቱ ዕዳ ይቅደም? ብዙ አበዳሪ ያለበት ነጋዴ የአከፋፈል ስሌት

በአሜሪካና በአውሮፓ ሦስትና አራት ክሬዲት ካርድ የያዘ ሰው፣ በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ ወለድ እየተቆጠረበት ሲጨነቅ የሚያነሳው ጥያቄ «የትኛውን ቀድሜ ልክፈል?» የሚል ነው። በኢትዮጵያ ባንኮች የሚያድሏቸው ካርዶች በአብዛኛው ባለቤቱ ካስቀመጠው ሒሳብ ገንዘብ የሚያወጣባቸው በመሆናቸው ጥያቄው በዚህ መልክ አይነሳም። በሌላ መልኩ ግን በየሱቁ አለ። ከጅምላ አከፋፋይ በዱቤ ዕቃ የሚያወርድ፣ ከብድር ተቋም የተበደረ፣ በስልኩ አነስተኛ ብድር የወሰደ፣ የእቁብ ዕጣ ወስዶ መዋጮውን ገና ያልጨረሰ፣ ሲብስበትም አራጣ አበዳሪ ዘንድ የሄደ ነጋዴ አምስት ካርድ ከያዘው ሰው ጋር አንድ ዓይነት ሒሳብ ውስጥ ነው ያለው። ልዩነቱ ለካርድ ባለዕዳው የዕዳውን ዋጋ በየወሩ የሚነግረው መግለጫ ሲደርሰው፣ የአገራችን ነጋዴ ግን ራሱ ማስላት ያለበት መሆኑ ነው።

አብዛኛው ነጋዴ ይህን ስሌት ሳይሠራ በደመ ነፍስ ይከፍላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ለጠየቀው፣ ቀድሞ ደጅ ለመጣው ወይም ላፈረበት ሰው ያስቀድማል። በዚህ መንገድ ዕዳው አያልቅም ማለት አይቻልም። የሚያልቀው ግን ሊከፈል ከሚገባው በላይ ብዙ ገንዘብ ከተከፈለበት በኋላ ነው።

ገቢው ወቅት አለው፣ ዕዳው ግን የለውም

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ሰላም ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ናት። የከተማዋ ሱቆች ሸቀጣቸውን በብዛት የሚያመጡት ከደሴ፣ በአቀስታ በኩል በሚዘረጋው የደጋ መንገድ ነው። ገዥያቸው ደግሞ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ ወይም በግ ሸጦ የሚገዛ ገበሬ ነው። ስለዚህ በገበያው ውስጥ ገንዘብ የሚበዛው የመኸር ምርት ተሰብስቦና ተወቅቶ ወደ ገበያ በሚወጣበት ከኅዳር ጀምሮ ባሉት ወራት ሲሆን፣ ክረምቱ ሲገባ ሽያጩ ይቀዘቅዛል፣ ገበሬውም ራሱ ከሱቁ በዱቤ መውሰድ ይጀምራል።

የነጋዴው ዕዳ ግን ወቅት አይለይም። የብድር ተቋሙ ክፍያ በየወሩ፣ እቁቡ በየሳምንቱ ይመጣል። የአራጣውም ወለድ በሐምሌ ዝናብም ሆነ በታኅሣሥ ውርጭ እኩል ይቆጠራል። በዚህ ላይ የመንገድና የጸጥታ ችግር ይታከላል። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃው በመጋዘን ይቆማል፣ ወለዱ ግን መቁጠሩን ይቀጥላል።

የባንክ ብድርም በበኩሉ ጠቦ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ ያደረገ ሲሆን፣ ጣሪያው በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሏል። ባንክ በሩን ሲያጠብ በተለይ በወረዳ ከተማ ያለ ቸርቻሪ ፊቱን ወደ ዱቤ፣ ወደ ስልክ ብድርና ወደ አራጣ ማዞሩ አይቀርም።

መጀመሪያ ለዕዳው ዋጋ ማውጣት

ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ሥራ እያንዳንዱ ዕዳ 100 ብሩን በወር በስንት እንደሚያስከፍል ማወቅ ነው። አንዱ ወለድ በዓመት፣ ሌላው በወር ይነገራል። ሦስተኛው ጭራሽ ወለድ ተብሎ አይጠራም። ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ካላመጡት ማወዳደር አይቻልም። የሚከተሉት አኃዞች ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ ሲሆኑ፣ ነጋዴው በየራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል።

አራጣ፦ ይህ ራሱ ስሙን የሚናገር ነው። በመቶ ብር በወር 10 ብር የሚከፈልበት 40 ሺህ ብር በወር 4 ሺህ ብር ይበላል። በ10 ወር ውስጥ ወለዱ ብቻ የዋናውን ያህል ይሆናል፣ ዋናው ግን ከነበረበት አንድ ብር አልጎደለም።

ዱቤ፦ ብዙ ነጋዴ «ዱቤ ወለድ የለውም» ይላል። አከፋፋዩ አንድ ካርቶን በእጅ በእጅ 2 ሺህ 500 ብር፣ በአንድ ወር ዱቤ 2 ሺህ 600 ብር የሚሸጥ ከሆነ ግን የ100 ብሩ ልዩነት ወለድ ነው፣ በወር 4 በመቶ ይሆናል። 60 ሺህ ብር ዱቤ በየወሩ እየታደሰ ሲዞር በወር 2 ሺህ 400 ብር ያስወጣል ማለት ነው። የእጅ በእጅና የዱቤ ዋጋው በእውነት አንድ ከሆነ ግን ይህ ዕዳ ከሁሉ የረከሰ ነው።

የስልክ ብድር፦ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከዳሽን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶችን ያቀረበ ሲሆን፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ምቹ» በተባለው አገልግሎቱ ያለ መያዣ ያበድራል። እንዲህ ባለው ብድር ውስጥ የሚታየው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ለምሳሌ 10 ሺህ ብር ተበድሮ 600 ብሩ አስቀድሞ ተቆርጦ በወሩ 10 ሺህ የሚመልስ ሰው በእጁ የገባው 9 ሺህ 400 ብር ነው። የወር ዋጋው 6.4 በመቶ ገደማ ይሆናል። ብድሩ ለሁለት የገበያ ቀን ዕቃ ለማዞር ከሆነ ሊያዋጣ ይችላል። አንዱን በሌላው እየከፈሉ ዓመት ከዘለቁበት ግን ከ76 በመቶ በላይ ይደርሳል።

የብድር ተቋም ብድር፦ የአነስተኛ ብድር ተቋማት በሕግ ሥርዓት የያዙት በአዋጅ ቁጥር 40/1988 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የብድሩ ጣሪያ 5 ሺህ ብር፣ መያዣውም በአመዛኙ የቡድን ዋስትና ነበር። በክልሉ ለረጅም ዓመታት የሠራው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በ2014 ዓ.ም. ወደ ፀደይ ባንክነት ተሸጋግሯል። ከማንኛውም ተቋም ሲበደሩ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ወለዱ ስንት ነው?» ከሚለው ይሰፋል፤ ወለዱ የሚሰላው መጀመሪያ በተሰጠው ገንዘብ ላይ ነው ወይስ ባልተከፈለው ቀሪ ላይ? 120 ሺህ ብር ለአንድ ዓመት በ18 በመቶ ሲወሰድ፣ ወለዱ በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ከተሰላ 21 ሺህ 600 ብር ይሆናል። በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ ከተሰላ ግን ወደ 12 ሺህ ብር ይወርዳል። በስም አንድ የሆነው 18 በመቶ በመጀመሪያው አሠራር በትክክል ሲታይ 32 በመቶ ገደማ ነው።

እቁብ፦ ዕጣውን ቀድሞ የወሰደ ሰው የሚከፍለው መዋጮ ወለድ አልባ ዕዳ ነው። በገንዘብ ዋጋው ዜሮ ቢሆንም ዋሶች የፈረሙበት፣ ስምም የተያዘበት ስለሆነ ከዝርዝሩ ሊጠፋ አይገባም።

ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት፦ በወሎ ብዙ ነጋዴ ይህን ይመርጣል። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በትርፍ ሲሸጥለት ዋጋው መጀመሪያውኑ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ ቀድሞ መክፈል ቅናሽ ያስገኝ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ቅናሽ ከሌለው በጊዜው መክፈል እንጂ ማስቀደሙ ጥቅም የለውም።

በአንድ ገንዘብ ሁለት ውጤት

አሁን ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ነጋዴ የብድር ተቋሙን ወርሃዊ ክፍያና የእቁብ መዋጮውን ከፍሎ፣ የቤቱንም ወጪ ሸፍኖ በወር 15 ሺህ ብር ይተርፈዋል እንበል። ቀሪ ዕዳው በወር 10 በመቶ የሚያስከፍል 40 ሺህ ብር አራጣና በወር 4 በመቶ የሚያስከፍል 60 ሺህ ብር ዱቤ ነው። መክፈል የሚጀምረው በኅዳር ነው።

ነጋዴው የአከፋፋዩን ፊት ፈርቶ ዱቤውን ቢያስቀድም፣ ለአራጣው ወለዱን ብቻ በየወሩ 4 ሺህ ብር እየሰጠ ይቆያል። ዱቤው የሚያልቀው በግንቦት ሲሆን፣ በዚያው ወር መጨረሻ 32 ሺህ 75 ብር አራጣ ይቀርበታል። ሁሉም ተከፍሎ የሚያበቃው በ10ኛው ወር፣ በነሐሴ ነው። በወለድና በዱቤ ጭማሪ የወጣው ገንዘብ 43 ሺህ 41 ብር ይሆናል።

ያው ነጋዴ በዚያው 15 ሺህ ብር አራጣውን ቢያስቀድም፣ ለዱቤው ጭማሪውን ብቻ በየወሩ እየከፈለ በየካቲት መጨረሻ የአራጣው ቀሪ ከ100 ብር በታች ይወርዳል፣ በመጋቢትም ይዘጋል። በግንቦት መጨረሻ የሚቀርበት 20 ሺህ 772 ብር ዱቤ ብቻ ነው። ሁሉም የሚያልቀው በ9ኛው ወር፣ በሐምሌ ነው። ጠቅላላ ወለዱ 26 ሺህ 867 ብር ነው።

ልዩነቱ 16 ሺህ 174 ብር ሲሆን፣ ከአንድ ወር ሙሉ ትርፉ ይበልጣል። ነጋዴው ተጨማሪ ሥራ አልሠራም፣ ተጨማሪ ገንዘብም አላገኘም፤ የለወጠው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው።

ከብሩ በላይ ደግሞ የወቅቱ ነገር አለ። ሽያጩ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ቢቆምና ነጋዴው ምንም መክፈል ባይችል፣ በመጀመሪያው መንገድ የሄደው ሰው በ32 ሺህ 75 ብር አራጣ ላይ በሦስት ወር 9 ሺህ 622 ብር ይጨመርበታል። አራጣውን ያስቀደመው በ20 ሺህ 772 ብር ዱቤ ላይ የሚጨመርበት 2 ሺህ 493 ብር ነው። ስለዚህ ለመካነ ሰላም ነጋዴ ውድ ዕዳን ከፍሎ የመጨረሻው ጊዜ ክረምት ሳይገባ ነው ቢባል ስሌቱ ይደግፈዋል።

ትንሹን ማስቀደም መቼ ይጠቅማል?

ሰው ሁሉ ዋጋውን አስቀድሞ የማይከፍልበት ምክንያት በጥናት ተፈትሿል። በ2011 እ.ኤ.አ. ሞቲ አማር፣ ዳን አሪሊና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ ብዙ ዕዳ ያለባቸው ሰዎች ትልቁ ዕዳ ከፍ ያለ ወለድ እያስከፈለ እንኳ ትንንሾቹን ለመዝጋት እንደሚጣደፉ አሳይተዋል። የዕዳው ቁጥር ሲቀንስ ሰው የቀለለው ይመስለዋል። በሚቀጥለው ዓመት ዴቪድ ጋልና ብሌክሊ ማክሼን ባወጡት ሌላ ጥናት ግን ትንንሾቹን እየዘጉ የሄዱ ባለዕዳዎች ጠቅላላ ዕዳቸውን ከፍለው የመጨረስ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ድሉ ልብ ይሰጣልና።

ሁለቱን ለሚያስታርቅ ነጋዴ ደንቡ ይህ ነው። የዕዳዎቹ የወር ዋጋ ተቀራራቢ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዱ 4 ሌላው 5 በመቶ ከሆነ፣ ትንሹን ዘግቶ አንድ ጠያቂ መቀነስ ጉዳት የለውም። አንዱ 2 ሌላው 10 በመቶ ከሆነ ግን ልብ ለማሳረፍ የሚከፈለው ዋጋ እጅግ ውድ ነው።

ወረቀቱ በማን እጅ ነው?

የዕዳ አደጋ በወለዱ ብቻ አይለካም። አበዳሪው በእጁ የያዘው ነገርም ይታያል። በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮች ይለያሉ።

አንደኛው ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ ነው። ለአከፋፋይም ሆነ ለአራጣ አበዳሪ ቼክ በመያዣነት መስጠት በንግዱ ዓለም የተለመደ ነው። በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣት ግን በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 መሠረት ወንጀል ነው። በ3 በመቶ ዕዳ ላይ የተሰጠ ቼክ ቀኑ ከደረሰ፣ ከ10 በመቶው አራጣ ሊቀድም ይችላል። ምክንያቱም አንዱ ኪሳራ ሲሆን ሌላው እስራት ነው።

ሁለተኛው ለባንክ የተያዘ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የፍርድ ቤት ክስ ሳያስፈልገው በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ለ90 ቀን ያልተከፈለ የባንክ ብድርም ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይመደባል። መረጃውም በብሔራዊ ባንክ በኩል ለሌሎች ባንኮች ስለሚደርስ የሚቀጥለውን ብድር በር ይዘጋል። ስለዚህ የባንክ ብድር ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ወርሃዊው ክፍያ አንድ ጊዜ እንኳ መዝለል የለበትም። ከክፍያው በላይ መጨመር ግን አራጣው እስኪያልቅ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ወለድ አገድ ነው። ሱቅን ወይም መሬትን ለአበዳሪ ሰጥቶ እሱ በወለድ ፈንታ እየተጠቀመበት እንዲቆይ ማድረግ በወረቀት ላይ ወለድ የለውም። ነገር ግን ሱቁ በወር የሚያከራየው ብር የዕዳው ወለድ ነው። በ50 ሺህ ብር የተያዘ ሱቅ በወር 3 ሺህ ብር የሚከራይ ከሆነ፣ ባለዕዳው በወር 6 በመቶ እየከፈለ ነው።

እህል ይዞ አራጣ መክፈል

በእህል አገር ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው በታኅሣሥ ጤፍ ሰብስቦ በሰኔ ይወደዳል ብሎ ያስቀምጣል። በሌላ በኩል የአራጣ ዕዳ አለበት። የ40 ሺህ ብር አራጣ በስድስት ወር 24 ሺህ ብር ወለድ ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬ 40 ሺህ ብር የሚያወጣው ጤፍ በሰኔ ከ64 ሺህ ብር በላይ ካልተሸጠ፣ ነጋዴው ያተረፈ እየመሰለው ከስሯል ማለት ነው። የመጋዘን ኪራዩ፣ ነቀዙና የመንገዱ ስጋት ገና አልተቆጠረም። በስድስት ወር ውስጥ 60 በመቶ የሚወደድ እህል ላይ ተማምኖ ዕዳ መያዝ ቁማር ነው።

ለሱቅ ዕቃም ስሌቱ ያው ነው። 44 ሺህ ብር የተገዛን የቆመ ዕቃ በ40 ሺህ ሸጦ አራጣውን መዝጋት 4 ሺህ ብር ኪሳራ ይመስላል። ይህ ግን የአንድ ወር አራጣ ነው። ዕቃው ሳይሸጥ ከአንድ ወር በላይ የሚቆይ ከሆነ፣ በኪሳራ መሸጡ ትርፍ ነው።

እቁብ እንደ መድኃኒት

እቁብ ለዕዳ መክፈያ በትክክል ሲውል ከብዙ ብድር ይሻላል። ዕጣው ያልወጣለት ባለዕዳ ከዕድለኛው ላይ ዕጣ የሚገዛበት ልማድ ባለበት እቁብ፣ የ100 ሺህ ብር ዕጣ በ6 ሺህ ብር ጭማሪ ቢገዛ እጁ ላይ 94 ሺህ ብር ይገባል። የራሱ ተራ ከሦስት ወር በኋላ የሚደርስ ቢሆንና 40 ሺህ ብር አራጣ ቢኖርበት፣ በእነዚያ ወራት የሚከፍለው ወለድ 12 ሺህ ብር ነበር። በ6 ሺህ ብር 12 ሺህ ማዳን ብቻ ሳይሆን፣ ከአራጣው የተረፈው 54 ሺህ ብር ደግሞ ሌላ ዕዳ ያወርዳል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። የእቁብ ብር ሲገባ ሠርግ፣ የቤት ዕቃ፣ አዲስ ሸቀጥ ይታሰባል። ገንዘቡ ወደ አራጣው ካልሄደ ነጋዴው ሁለት ዕዳ ይዞ ይቀራል፤ አንዱ ወለዱን ይበላል፣ ሌላው ዋሶቹን ያስጨንቃል። በመሆኑም ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ለማን እንደሚሰጥ በወረቀት ተጽፎ መቀመጥ ይኖርበታል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 ላይ ተዋዋዮች ከዓመት 12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋል እንደማይችሉ ደንግጓል። በጽሑፍ የተወሰነ ወለድ ከሌለም የሚታሰበው 9 በመቶ ነው። የባንኮችና የብድር ተቋማት ወለድ በራሱ ደንብ የሚመራ ሲሆን፣ አራጣ ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 የሚያስቀጣ ነው። ይህ ለባለዕዳው የመደራደሪያ አቅም ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ በሽማግሌ ተቀምጦ ዋናውን በአጭር ጊዜ ለመክፈልና የወደፊት ወለዱ እንዲቆም መስማማት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። የድርድሩ ምርጥ ጊዜ ባለዕዳው ብር በእጁ የያዘበት ወቅት ነው። በክረምት ባዶ እጅ ከመለመን በታኅሣሥ ግማሹን ይዞ መቅረብ ይሻላል።

ሌላው ብዙዎችን የጎዳው የማስረጃ ጉዳይ ነው። በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። ገንዘቡ ስለመመለሱም የሚጠየቀው ማስረጃ ይኸው ነው። ምስክር ቆጥሮ «ከፍያለሁ» ማለት አያዋጣም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ መቀበል፣ በተቻለ መጠን በባንክ ማስተላለፍ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ የብድሩን ውልና ቼኩን መልሶ መረከብ የግድ ነው። ለአንድ አበዳሪ ሁለት ዕዳ ያለበት ሰው የትኛውን እየከፈለ እንደሆነ በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ አለበት።

ውጭ አገር ያለው ዘመድ

ብዙ ነጋዴ በመጨረሻ የሚደውለው አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ላለ ወንድም ወይም እህት ነው። እዚህ ላይ የሁለቱ ዓለም ዕዳ ይገናኛል። አሜሪካ ያለው ዘመድ በዓመት 24 በመቶ የሚያስከፍል 5 ሺህ ዶላር የካርድ ዕዳ ካለበት፣ በወር 100 ዶላር ወለድ ይከፍላል። በወር 150 ዶላር ብቻ ከከፈለ ከዋናው የሚቀንሰው በመጀመሪያው ወር 50 ዶላር ነው። ለዚህም ነው በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ትንሹን ክፍያ ብቻ ቢከፍሉ ዕዳው ስንት ዓመት እንደሚፈጅ በየወሩ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ ያስገደደው።

ዘመዱ ቁጠባ ካለው የመካነ ሰላሙን 120 በመቶ ዓመታዊ አራጣ ማጥፋት ለቤተሰቡ ትልቅ ጥቅም ነው። ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ ከላከ ግን ዕዳው ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ካርድ በጥሬ ገንዘብ ላይ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚጠይቅና ወለዱም ከዚያው ቀን ስለሚጀምር ስምምነቱ ግልጽ መሆን አለበት። መመለሻው በብር ነው ወይስ በዶላር? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር እመልሳለሁ ብሎ የተበደረ ቸርቻሪ፣ አራጣ አበዳሪ ሊያስከፍለው የማይችለውን ጭማሪ በምንዛሪ ብቻ ይከፍል ነበር።

በተግባር ሲተረጎም

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ ሥራ ሲቀየር የሚከተለውን ይመስላል።

በመጀመሪያ፣ በአንድ ገጽ ላይ የእያንዳንዱ አበዳሪ ስም፣ ቀሪው ዋና፣ የወር ዋጋው በመቶ ብር፣ የሚከፈልበት ቀን፣ አበዳሪው የያዘው ቼክ ወይም መያዣ ይጻፋል።

ሁለተኛ፣ ቀኑ የደረሰ ቼክ፣ የባንክ ወርሃዊ ክፍያና የእቁብ መዋጮ ሳይዘለሉ ይከፈላሉ። እነዚህ ስምን፣ ቤትንና ነጻነትን የያዙ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ከዚያ የተረፈው ብር ሳይበታተን በሙሉ በወር ዋጋው ከፍተኛ በሆነው በአንዱ ዕዳ ላይ ይዘንባል። ለአምስት አበዳሪ ሦስት ሦስት ሺህ ብር ማካፈል ሁሉንም ያስደስታል፣ አንዱንም አይዘጋም።

አራተኛ፣ አከፋፋዩ እንዲታገሥ አስቀድሞ ይነገረዋል። ቀኑ ሳይደርስ «እስከ መጋቢት ጭማሪውን እየከፈልኩ እቆያለሁ፣ ከዚያ ዋናውን እጀምራለሁ» ብሎ የተናገረ ደንበኛ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ስልክ ከማያነሳው ጋር አንድ አይደለም።

አምስተኛ፣ ውዱ ዕዳ እስኪያልቅ አዲስ አራጣም ሆነ የስልክ ብድር አይወሰድም፣ ለወደፊት ዋጋ ተብሎም እህል አይከማችም።

ስድስተኛ፣ አንዱ ዕዳ ሲዘጋ ለእሱ ይከፈል የነበረው ገንዘብ ወደ ኪስ ሳይመለስ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

በምሳሌው ያየነው ነጋዴ በዚህ መንገድ ሄዶ በሐምሌ ዕዳውን ሲጨርስ፣ በወር የሚተርፈው 15 ሺህ ብር የራሱ ይሆናል። በሚመጣው መኸር ከደሴ በእጅ በእጅ መግዛት ሲጀምርም ካርቶኑን በ2 ሺህ 600 ፈንታ በ2 ሺህ 500 ብር ያነሳል። እስከዚያ ድረስ ለአከፋፋዩ ይከፍለው የነበረው በመቶ 4 ብር ከዚያ ወዲያ በራሱ መሳቢያ ይቀራል።